የትዕግስት ማሾ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ቢጫ ሆኗል። እህቴ ትዕግስት የዘራችው ማሾ፣ ከዳር እስከ ዳር። አባዬ ዛሬ ሁለት ጊዜ ሄዶ አየው። ማታ ለእማዬ ቅዳሜ ዩሪያ ማዳበሪያ እጨምርበታለሁ አላት። አርባዋ ሳይወጣ የልጁ ማሾ እንዲደርቅበት አይፈልግም።

ዩሪያ አይደረግበትም ልል ፈልጌ አልቻልኩም። ትዕግስት ዘሩን በስኳር ውኃ አርሳ፣ ከዩኒቨርሲቲ ባመጣችው ጥቁር የባክቴሪያ ዱቄት ዛፍ ጥላ ሥር ለወሰችው። ፀሐይ ይገድላቸዋል ብላ ነጠላዋን ሳፋው ላይ ጣለች። ራሷ ፀሐይ ላይ ቆመች። በሳምንቱ ወባ ይዟት ሞተች።

ረቡዕ

ጎረቤታችን ጋሼ ሰይድ በማሾው በኩል ሲያልፍ አየኝና፣ "ምነው፣ ማሾውን ወባ ያዘው እንዴ?" አለ። ወዲያው ደነገጠ። አስተግፊሩላህ ብሎ አፉን ያዘ። እኔ አልከፋኝም። ከሞተች ወዲህ ከእኔ ጋር የቀለደ እሱ ብቻ ነው።

ያስተማረችኝን እንዳልረሳው ልጻፍ። ባክቴሪያዎቹ እንደ ማሾ ባለ ጥራጥሬ ሥር ውስጥ ገብተው ትንንሽ እባጭ ይሠራሉ። ተክሉ ስኳር ይሰጣቸዋል፤ እነሱ የአየሩን ናይትሮጅን ወደ ምግብ ይቀይሩለታል። የሚቀይሩበት ኢንዛይም ናይትሮጅኔዝ ይባላል። ኦክስጅን ከነካው ይበላሻል፤ እነሱ ግን መተንፈስ አለባቸው። ስለዚህ እባጩ ውስጥ ኦክስጅኑን ይዞ በትንሽ በትንሹ የሚያድል፣ እንደኛ ደም ቀይ የሆነ ነገር አለ። ሲሰነጠቅ ቀይ ከሆነ እየሠሩ ነው፤ ነጭ ከሆነ አይሠሩም፤ አረንጓዴ ከሆነ ሞተዋል። ዩሪያ ከበዛ ተክሉ ስኳሩን ይከለክላቸዋል።

ሐሙስ

ለማወቅ መንቀል ግድ ነው። አባዬ ግን እስከ አርባዋ እጇ የነካውን ማንም እንዳይነቅል ብሏል። ማረሙን እንኳ ለሰው አይሰጥም። ስለዚህ እንዳይታወቅ ከዳር፣ ውኃ ከተኛበት፣ አንዲት የጠወለገች ነቀልኩ። እባጮቹን በጥፍሬ ሰነጠቅኳቸው። አረንጓዴ። ሁሉም ሞተዋል።

ቦዩ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የቀብሯ ዕለት እንደዚህ አላለቀስኩም።

ዓርብ

ሳስበው፣ ውኃ በተኛበት አየር የለም። ታፍነው ነው የሞቱት። የነቀልኳት ተክል ስለሌሎቹ ምንም አትነግረኝም። ከመሃል መታየት አለበት።

ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት፣ የነቀልኳትንም ጭምር። "የእህትህ አፈር ሳይደርቅ?" አለኝ። ራት አልበላም።

ቅዳሜ

ጠዋት አባዬ ዩሪያውን ተሸክሞ፣ ና አለኝ። መሃል ስንደርስ ኬሻውን አወረደ፣ አማተበ፣ አንዷን በዶማ ከነአፈሯ ቀስ አድርጎ አነሳት። "በል አሳየኝ" አለ።

እባጮቹን በጥፍሬ ሰነጠቅኩ። የመጀመሪያው ነጭ። ሁለተኛው ቀይ። ሦስተኛውም ቀይ። ጥፍሬ ቀላ። አባዬ ጣቴን ይዞ ብዙ ቆየ። እሷ ያስገባቻቸው ናቸው ወይ አለኝ። ሳይሆኑ አይቀሩም አልኩት።

ለማሽላችን ይሆናል ብሎ ኬሻውን መልሶ ተሸከመ። ቅጠሉ አሁንም ቢጫ ነው። ይዳን አይዳን አላውቅም።

መንገድ ላይ፣ ማሾው ሲደርስስ ባክቴሪያዎቹ የት ይሄዳሉ ብሎ ጠየቀኝ። እዚያ ድረስ አላስተማረችኝም። አፈሩ ውስጥ ይቀሩ ይሆናል አልኩት። እኛ አገር ማሾ ሲደርስ ከነሥሩ ነው የሚነቀለው። አባዬ ኬሻውን ተሸክሞ ከፊቴ ሄደ። ቤት ልንደርስ ስንል፣

"ዘንድሮ እናጭደዋለን" አለ። "ሥሩ እዚያው ይቅር።"