አንዴ ብቻ የሚጠራ

እሑድ

ዛሬም እዚያው ነው። ሳድር ይጠፋል ብዬ ነበር፣ አልጠፋም። ግራ ጡቴ ላይ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ። ሽምብራ ያክላል። አያምም። ልጄ ሰሚራ አትነካኪው ትለኛለች። ዓርብ ዕለት በመርፌ ናሙና ወስደዋል፣ ውጤቱ ሐሙስ ነው፣ እስከዚያ እጅሽን ሰብስቢ አለችኝ። እሷ ስትወጣ እነካዋለሁ።

የሚገርመኝ አለመፍራቴ ነው። የሰሚራ ዓይን ጠዋት ጠዋት አብጦ አየዋለሁ። እኔ ግን እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ቤት አጸዳለሁ። ታላቋ ልጄ ሀያት በክረምቱ በኩላሊት ከሞተችብኝ ወዲህ ብዙ ነገር አያስፈራኝም።

ሌላም ነገር አለ። ለማንም አልተናገርኩም። መግሪብ ልሰግድ ስል ከደረጃው ጠሩኝ። «ዘሃራ።» አንዴ። እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም። ለጎረቤት የሀያት እናት ነኝ፣ ለሰሚራ እማ። ዘሃራ የምትለኝ ሀያት ብቻ ነበረች። አባቷ ሲጠራኝ እየሰማች በዚያው አፏን ፈታች፣ ካደገችም በኋላ አልተወችውም። ከሥራ ስትመጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆና ትጣራለች፣ አራተኛ እስክትደርስ በሩን ከፍቼ እንድጠብቃት።

ድምፁ የእሷ ነው። አልመለስኩም። እናቴ ያሳደገችን እንዲህ እያለች ነው፤ ሦስት ጊዜ ሳይጠሩሽ አቤት አትበዪ፣ ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ሞት የሚጠራው አንዴ ነው።

ሰኞ

ውሃ መጣ። ጀሪካኖቹን ሞላሁ። አንሶላ አጠብኩ። እስከ አስር ሰዓት ድረስ እብጠቱን አልነካሁም፣ ይኼም አንድ ነገር ነው።

በመግሪብ ያው ድምፅ ጠራኝ፣ አንዴ። ትናንት ከሁለተኛ ፎቅ ነበር፣ ዛሬ ከሦስተኛ። ወጥቼ አየሁ። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ቆይቷል። ከእንጦጦ የወረደው ጉም በመስኮቱ ገብቶ ደረጃውን ሞልቶታል። ማንም የለም። ባህር ዛፍ ባህር ዛፍ ይሸታል።

ማክሰኞ

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ከታች ፎቅ መጡ። ሰሚራ ነግራቸው ኖሯል። ነገ ዛሬ ሳትዪ እንጦጦ ጠበል እንውጣ አሉኝ። እኔ እስላም ነኝ እኮ ብላቸው፣ «ጠበል መታወቂያ አይጠይቅም፣ ተነሺ» አሉ። ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ።

ላይ ስንደርስ ጉሙ እጅን አያሳይም። እሳቸው ወደ ጠበሉ ሄዱ፣ እኔ እጠብቅዎታለሁ ብዬ የባህር ዛፍ ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎች እየመጡ ከጉሙ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። የእግራቸው ድምፅ የለም። አንዷን ከኋላዋ አየኋት። ቡናማ ሻርፕ፣ ቀኝ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ የምትራመድ። ሀያት እንደዚያ ነበር የምትራመደው። ዞር አላለችም። ስሜን እንድትጠራው ጠበቅኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ እዚያ ቦታ ብትጠራኝ አቤት እል ነበር።

እትዬ አስካለ እርጥብ ሆነው ተመለሱና ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። የሀያት እናት ምን ሆነሽ ነው እዚህ የተቀመጥሽው አሉኝ። ነፋስ ጉሙን ሲገልጠው አየሁት። ከጉቶው ወዲያ ገደል ነው።

ረቡዕ

ዛሬ ከበሩ ላይ ነው። ከእንጨቱ ማዶ፣ ቀስ ብሎ። «ዘሃራ።» እንደደከማት ያስታውቃል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደረጃ ሲያቅታት እንደዚያ ነበር የምትጠራኝ።

ሰሚራ ከሥራ መጥታ መብራት ስታበራ እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ ቆሜ አገኘችኝ። የት ልትሄጂ ነው አለችኝ። የትም አልኳት።

ሐሙስ

ውጤት አልተቀበልኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሆስፒታሉ ሰው በሰው ነው። ሰሚራ ውሃ ልትገዛ ወረደች። ነርሷ ከበሩ ብቅ ብላ «ዘሃራ» አለች። ጭምብል አድርጋለች፣ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። ትድገመው ብዬ ጠበቅኩ። አልደገመችም፣ ካርዴን ወደ ጎን አድርጋ ሌላ ሰው ጠራች።

ሰሚራ ተመልሳ ተቀመጠች። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ጊዜው ሄደ። እስካሁን አልጠሩሽም ስትለኝ አንዴ ጠሩኝ አልኳት። የእናቴን ቃል ነገርኳት። ስለ ደረጃው ግን ዝም አልኩ።

አፍጥጣ አየችኝ። «ሞት ካርድ ክፍል ተቀጥሮ ነው የሚጠራሽ?» አለች። አጠገባችን ያለችው ሴትዮ ሳቀች። ሰሚራም ልትስቅ ብላ ፊቷ ተበላሸ። ቀስ ብላ ደግሞ፣ «እኔስ ስጠራሽ? በክረምቱ ስንቴ ጠርቼሽ ዝም ብለሽኛል» አለች።

እውነት ነው። ሀያትን ስሰማ እሷን አልሰማሁም።

ሮጣ ነርሷን ጠየቀቻት። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ገብቷል፣ ነገ ኑ ተባልን። ታክሲ ውስጥ እጇን ያዝኳት። እንዳኮረፈች ነው፣ ግን እጇን አልወሰደችም።

ማታ ጥሪውን እንዳልሰማ ጆሮዬ ላይ ሻሽ ጠምጥሜ ሰገድኩ።

ዓርብ

ነርሷ ዘሃራ ብላ ሳትጨርስ አቤት አልኩ። ጮኼ ኖሮ ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ። «እናቴ፣ ካንሰር ነው» አለኝ። «ግን ትንሽ ነው፣ በጊዜ ነው የመጡት። ይወጣል፣ ከዚያ መድኃኒት ይኖራል።» መቼ እንደሚወጣ ነገረኝ። እዚያ ወንበር ላይ ፍርሃት መጣብኝ። ቀኑን ማቅረብ አይቻልም ወይ ብዬ ለመንኩት። ሰሚራ ቀና ብላ አየችኝ። ስለምን እንደሆነ ገባኝ። ከክረምቱ ወዲህ ለራሴ ምንም ለምኜ አላውቅም።

አሁን ቤት ነን። አሁንም እፈራለሁ። እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። ግን ራበኝ፣ ሁለት ጊዜ በላሁ።

መግሪብ ሰግጄ ስነሳ ሰሚራ ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋዋን አቆመች።

«እማ፣ ደጅ ሰው በስምሽ የጠራሽ መሰለኝ።»

ልጣጩን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰብኩ።

«አልሰማሁም» አልኳት። «በሩን ቆልፊውና ነይ።»