ነጯና ቀይዋ በአባባ ደጅ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለጋሌቦዌ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያ በስልክ ስናወራ ሲያቋርጥሽ የነበረው ሳል ለቀቀሽ? የአየርላንድ ዝናብስ አንድ ቀን እንኳ ፋታ ሰጣችሁ? ባለቤትሽ ቲሮስ ወገቡ እንዴት ሆነለት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው፣ ትንሿ ጥርስ አወጣች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ብርዱ ለቆን አሁን በኦገስት ንፋስ ተተክቷል፤ የሾሾንግን አቧራ ገንፎአችን ላይ እየነሰነሰልን ነው። እማማ ደህና ናቸው፤ እንዳወቅሻቸው ናቸው፣ ሁሉንም ይቆጣሉ፣ ሁሉንም ያበላሉ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስለ አባባ ነው። አትደንግጪ፤ መጨረሻው ደግ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ግራ ጎናቸው ከሰነፈ ወዲህ አባባ ያቺ አሮጌ ፒክአፕ ላይ መውጣት አቃታቸው። ደግፈን እናውጣዎት ስንላቸው "እኔ የማዳበሪያ ከረጢት አይደለሁም፣ ሰው አይጭነኝም" ብለው እምቢ አሉ። በዚህ ምክንያት ወደ ማሃላፒ ሆስፒታል ለእግራቸው ማለማመጃ ሕክምና መሄዱም ቀረ፤ ከብቶቹ ያሉበት ሞራካ መሄዱም ከገና ጀምሮ ቀረ። ባለፈው ወር ከጋቦሮኔ መጥቼ ሳለ ከዛፉ ሥር ጠሩኝና "ከብቶቹን ሽጧቸው" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። "እኔ የማላያቸው ከሆነ ምን ይሠሩልኛል? ሽጡና ለእናትህ ጣሪያውን አድሱላት" አሉ። አባባ ከብት ሽጡ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። እማማ ሰምተው ድስቱን ሊያማስሉ ገቡ፤ ድስቱ ግን እሳት ላይ አልነበረም። እኔም "እሺ አባባ" ብዬ ተነሣሁና እስከ ጋቦሮኔ ድረስ እያለቀስኩ ነዳሁ።

እኔና ሴቱንያ ደግሞ በዚያው ሰሞን መኪና ልንገዛ ስንከራከር ነበር። ያቺ ትንሿ መኪናችን ልጆቹ እግራቸው ስለረዘመ አልበቃችንም። እያንዳንዱ ቅዳሜ ቀብር አለ፣ ለቀብር ደግሞ የሴቱንያ አክስቶች ሁሉ ከእኛ ጋር ነው የሚሄዱት። ሁለት ኤስዩቪ ተመርጠው ቀሩ፤ ሁለቱም መካከለኛ፣ ሁለቱም ሰባት ሰው የሚይዙ፣ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቀይ። ነጯ የእኔ ምርጫ ነበረች። ከፍ ያለች፣ ሞተሯ ጉልበተኛ፣ ቆማ እንኳ የምትሄድ የምትመስል። ቀይዋ የሴቱንያ ነበረች። ዝቅ ትላለች፣ በሯ ሰፊ ነው፣ የኋላ ወንበሯ በአንድ እጅ ይታጠፋል። እኔ "ይቺ የመምህራን መኪና ናት" እላለሁ፤ ሚስቴ መምህርት መሆኗን እየረሳሁ። እሷ ደግሞ "ያንተዋ መኪና ፂም ብቻ ነው የቀራት" ትለኛለች። ልጆቹም ተከፈሉ፤ ፔሎ ከእኔ ጋር፣ ኦራቲሌ ከእናቷ ጋር። እራት ላይ ሌላ ወሬ ጠፋ።

የአባባን ነገር ለሴቱንያ የነገርኳት ዕለት ግን ክርክሩ ቆመ። "ታዲያ እኛ ምን አከራከረን? እሳቸው ይቀመጡባትና ይምረጡ" አለች። ሻጩ የአጎቷ ልጅ ባይሆን ኖሮ ይህ አይሳካም ነበር። ለቅዳሜና እሑድ ሁለቱንም አስረከበን፤ እኔ ነጯን፣ እሷ ቀይዋን ይዘን ሾሾንግ ገባን። እማማ ሁለት አዲስ መኪና በአንድ ጊዜ ደጃቸው ሲቆም አይተው "ምን ሠርቃችሁ ነው?" አሉ።

አባባ ከዘራቸውን ይዘው መጀመሪያ ወደ ነጯ ሄዱ። ዞሯት፣ ጎማዋን በከዘራ መታ መታ አደረጉ፤ እኔ ደረቴን ነፋሁ። በሩን ከፍቼላቸው ቀና ብለው ወንበሩን አዩና "ይቺ ከመሰላል ጋር ነው የምትሸጠው?" አሉኝ። ከዚያ ቀይዋ ጋ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፤ ቀኝ እግራቸውን አስገቡ፣ ግራውን በእጃቸው አንሥተው አስከተሉት። ማንም አልነካቸውም። በሩን ራሳቸው ዘጉና በመስኮት "ምን ትጠብቃላችሁ? ወደ ሞራካ" አሉ። እህቴ፣ እዚያው ተሸነፍኩ፤ በሕይወቴ መሸነፍ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ነገር ግን አፌ መቼ ዝም ይላል። "ቀይዋ አሸዋው ላይ መቅረቷ አይቀርም፣ እኔ በነጯ ተከትዬ እጎትታችኋለሁ" አልኩ። አሸዋው የሚጀምርበት ስንደርስ ሴቱንያ ወርዳ ጎማው አሸዋ ላይ እንዳይሰምጥ ንፋሱን አስተነፈሰች። እኔ ይህን ሥራ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቅ ሰውዬ፣ "ይህ ሞተር ይህን አይፈልግም" ብዬ አለፍኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ነጯ እስከ ሆዷ ተቀበረች። ሴቱንያ በአጠገቤ ቀስ ብላ ስታልፍ አባባ መስኮቱን ዝቅ አድርገው "ስንመለስ እንጎትትሃለን" አሉኝ። ሲስቁ የሰማኋቸው ከገና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው። መኪናዋን ትቼ ከኋላቸው በእግሬ ደረስኩ።

እዚያ ደርሼ ሳይ ግን ሳቁ የለም። አባባ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ክላክስ እንድትነፋ ሴቱንያን አዝዘዋት ነበር። እንደምታስታውሺው ከብቶቹ የፒክአፗን ክላክስ ሲሰሙ ጨውና መኖ መጣ ብለው ከየጫካው ይጎርፋሉ። የቀይዋ ድምፅ ግን ቀጭን ነው፣ የታነቀ ጫጩት ነገር። ነፋች፣ ደገመች። አጠገባችን የነበሩት እንኳ ቀና ብለው አይተው ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ። አባባ ዓይናቸውን ጫካው ላይ ተክለው "ረስተውኛል" አሉ። እረኛው ራ ዲቲሮ "ኧረ ጋሼ፣ እነሱ ምን ያውቃሉ፣ የለመዱት ያቺን አሮጊቷን መኪና ነው" አላቸው። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ነጯን ጎትተን ስናወጣ ሁሉ፣ ዓይናቸውን ከከዘራቸው ጫፍ አላነሡም። እኔም ከዚህ በኋላ ለከብቶቹ ገዢ መፈለግ ብቻ የቀረን መሰለኝ።

እሑድ ጠዋት ስነሣ ሴቱንያ መፍቻ ይዛ የአሮጌዋን ፒክአፕ ኮፈን ከፍታ አገኘኋት። "ይህን ክላክስ ፍታልኝ" አለችኝ። የምትለው ገብቶኝ "የሰው መኪና ላይ የራሳችንን ክላክስ መግጠም አንችልም እኮ" አልኳት። ስልኳን አወጣችና ለአጎቷ ልጅ ደውላ "ቀይዋን ወስደናል፣ ነጯን ታጥባ ትረከባታለህ" ብላ ዘጋችው። ለወራት የተጨቃጨቅንበት ምርጫ በዚህ አለቀ። ፈታሁና ገጠምኩ፤ ስሞክረው የጎረቤት ዶሮዎች በሙሉ ከአጥር ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ሄድን፤ በዚህ ጊዜ ጎማውን ያስተነፈስኩት እኔ ነኝ። በረቱ ጋ ሴቱንያ ልትነፋ ስትል አባባ "ተይ" አሏት። ቀኝ እጃቸውን፣ ደህናውን፣ ወደ መሪው ዘርግተው ተጫኑት፤ ረጅም አድርገው። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ አቧራው ታየ፣ ቀጥሎ ቀንዶቹ። እየሮጡ መጡ። ከፊት የነበረችው ያቺ አባባ በስምሽ የያዙልሽ ዳልቻ ላም ነች፤ ጥጃዋ ከኋላዋ እየተንገዳገደ። ቀይዋን ከበቡና አንዷ አዲሱን ቀለም በምላሷ ትልሰው ጀመር። አባባ እጃቸውን ከክላክሱ ሳያነሡ አለቀሱ። ሴቱንያም፣ ራ ዲቲሮም ወደ ሌላ ወገን የሚያዩ አስመሰሉ። እኔ አላስመሰልኩም፣ እንባዬን ለቀቅሁት።

ስለ መሸጥ ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። ማሃላፒ ሆስፒታልም እንሄዳለን፤ ቅድመ ሁኔታቸው አንድ ብቻ ነው፣ መመለሻው በሞራካ በኩል ይሁን። ጋቦሮኔ የትራፊክ መብራት ላይ ሴቱንያ ክላክስ ስትነፋ ሰው ሁሉ የጭነት መኪና ፍለጋ ይዞራል። እኔ አፍራለሁ፣ እሷ ትስቃለች።

ለቲሮ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ወገቡን ይጠብቅ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፣ ትንሿን ሁለት ጊዜ። ሴቱንያ ትናፍቅሻለች። ፔሎና ኦራቲሌ አክስታችን የትኛዋን መኪና ትመርጥ ነበር እያሉ ይጠይቁሻል። እማማ ወፍራም ካልሲ እንድትለብሺ አዝዘዋል። አባባ ደግሞ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠው እንዲህ ብለህ ጨምርላት ብለዋል፦ "ላምሽን አልሸጥኳትም፤ ነይና ራስሽ እለቢያት።"

ወንድምሽ ኦቴንግ
ሾሾንግ፣ ኦገስት 25 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.