ለምረቃው ትራም፣ ለክሱ አውቶቡስ

ውድ ወንድሜ፣

ውድ ያልኩህ ከልማድ ነው። ቃሉ ግን አልዋሸም፤ የአንተን ያህል ያስከፈለኝ ሰው የለም።

እማዬ ትናንት መጥታ መልእክትህን ነገረችኝ። አዲሱ መስመር ሲከፈት ቲኬት መሸጫው ላይ ልታስቀጥረኝ አስበሃል አሉ። "ነገሩ እየተረሳ ነው፣ እሷም ትርሳው" ብለሃታል። መልሱ የሚገባው ለአንተ ስለሆነ ይኸው ለአንተ እጽፋለሁ።

እነዚያ ረጃጅም ተሽከርካሪዎች ሲመጡ እኔ የሀዲዱን አሮጌ ትራም ስነዳ ዓመታት አልፈውኝ ነበር። ሦስት ፉርጎ ያለው፣ ሀዲድ የሌለው፣ በጎማ እየሄደ አስፋልቱ ላይ የተቀባውን ነጭ መስመር በካሜራ እያየ የሚከተል ነገር ሲመጣ የሾፌሮች ማረፊያ ክፍል ለሁለት ተከፈለ። የአውቶቡስ ሾፌሮቹ "ጎማ ያለው ሁሉ የእኛ ነው" አሉ። እኛ ደግሞ "ግንባሩ ላይ ትራም ይላል፣ ማንበብ ካቃታችሁ እናንብብላችሁ" አልን። አንዱ መካኒክ ሻዩን ይዞ ገባና "ከሀዲድ ያመለጠ ትራም ነው ወይስ የወፈረ አውቶቡስ? ብሎኑን ሳላጠብቅ በፊት ስሙን ንገሩኝ" ሲል ሁላችንም ሳቅን። ተሳፋሪው አልተጨነቀም፤ አባጨጓሬ ብሎ ሰየመውና ተሳፈረ።

ክርክሩን የቋጨኸው አንተ ነህ፤ ተሽከርካሪው ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ የሚወስነው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የቤታችን ኢንጂነር። እሑድ እማዬ ቤት ምሳ ላይ ሹካህን አስቀምጠህ "ቀላል እኮ ነው" አልከን። "መንገዱን የሚመርጠው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። ሾፌሩ ከሆነ አውቶቡስ ነው። መስመሩ ከሆነ ትራም ነው።"

"ታዲያ የእኔ ሥራ ምን ሊሆን ነው?" አልኩህ።

"ፍጥነትና ፍሬን። መሪውን መስመሩ ይይዝልሻል።"

እማዬ አንተንም እኔንም እያየች "እሱ ያመጣውን እሷ ልትነዳው" ብላ ሳቀች። እኔም ደስ አለኝ። አሁን ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ያሰለጠንከንም አንተ ነህ። "መስመር ይዞ ሲሄድ መሪውን እንዳትነኩ። ማስጠንቀቂያው እስካልጮኸ ድረስ እጃችሁን ሰብስቡ" አልከን፤ እንደ ተማሪ አስደገምከን። ለዓመታት መሪ ያልለመደው እጄ ጭኔ ላይ መቀመጥ አላስቸገረውም። የምረቃው ቀን ከንቲባው ሪባኑን ሲቆርጡ ጎኔ ቆመህ "አውቶቡስ ብለነው ቢሆን ኖሮ ማን ይመጣ ነበር" ብለህ ሹክ አልከኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁልህ።

ከዚያ ያ ዝናብ መጣ። ከግንባታው ቦታ የወረደ ጭቃ ፌርማታው መግቢያ ላይ ነጩን መስመር ሸፍኖት ነበር። ፍጥነት ቀነስኩ። የፊተኛው ፉርጎ ቀጥ ብሎ ገባ። ማስጠንቀቂያው አልጮኸም፣ እኔም መሪውን አልነካሁም። የሰው ጩኸት ስሰማ ፍሬን ያዝኩ፤ የኋላው ፉርጎ ግን ቀድሞ ከመስመሩ ወጥቶ የፌርማታውን ጠርዝ ጠርጎታል። አንዲት ሴት ከፉርጎውና ከብረት አጥሩ መሃል ተይዛ ነበር። የልብስ ስፌት አስተማሪ ናት። አምቡላንስ እስኪመጣ ጭቃው ላይ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። "እግሬ አለ?" ትለኛለች። "አለ" እላታለሁ። መልሳ ትጠይቀኛለች።

በማግስቱ ቤቴ መጥተህ አቀፍከኝ። "አይዞሽ፣ አንቺ የተባልሽውን ነው ያደረግሽው" አልከኝ። በዚያች ቃል ስንት ወር እንደኖርኩ አታውቅም።

በቸልተኝነት ተከስሼ ፍርድ ቤት ስቀርብ ግን ሌላ ሰው ሆነህ መጣህ። ዐቃቤ ሕጉ "ይህ ተሽከርካሪ ምንድን ነው?" ሲልህ ጉሮሮህን ጠርገህ "አውቶቡስ ነው" አልክ። "ጎማ አለው፣ መሪ አለው፣ በአስፋልት ይሄዳል። የአውቶቡስ ሾፌር ደግሞ ምንጊዜም መሪውን መቆጣጠር አለበት።" ጠበቃዬ ተነስቶ "መሪውን አትንኩ ብለው ያሰለጠኑት እርስዎ አይደሉም?" ብሎ ጠየቀህ።

"አጠቃላይ ምክር ነበር" አልክ።

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩብህ። ክራቫትህን እያላላህ "ስሚኝ" አልከኝ። "ትራም ነው ካልኩ መስመሩን ዝናብ ላይ ሳይፈትሽ የተረከበው ክፍል ነው የሚጠየቀው። ፊርማው የእኔ ነው። ልጆች አሉኝ።"

"እኔስ?"

"አንቺ በገደብ ትለቀቂያለሽ። ጠይቄያለሁ።"

ሌላው ሁሉ ቢታለፍ ይህቺ አትታለፍም። ጠይቀሃል። ሳትመሰክር በፊት ቅጣቴን አጣርተህ፣ መዝነህ፣ እሷ ትችለዋለች ብለህ ነው የገባኸው።

እንዳልከውም በገደብ ተለቀቅኩ። መንጃ ፈቃዴን ተቀማሁ። አሁን ላውንደሪ ቤት የሰው ሸሚዝ እተኩሳለሁ፤ ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ "ሴትዮዋን የገጨችው" ነኝ። አውቶቡስ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል አልልም። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ከሁለቱም የወሰደ አዲስ ነገር ሊሆን ይችላል፣ አዲስ ስምና አዲስ ሕግ ይሻል ይሆናል። አንተ ግን ስታስመርቀው ትራም፣ ስትጠየቅበት አውቶቡስ አደረግኸው። በሁለቱም ቀን ያገለገለህ የእኔው ትከሻ ነው።

አስተማሪዋን እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። በክራንች ነው የምትሄደው፤ የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጥ አቅቷት ቆማ ታስተምራለች። ባለፈው ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ።

"ለምን ጠርዙ ላይ እንደቆምኩ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። "አውቶቡስ ሲመጣ ዘወትር ወደ ኋላ ነው የምሸሸው። ይሄ ግን ትራም ነው፣ ከመስመሩ አይወጣም ብለው ፌርማታው ላይ ለጥፈውልናል። አምኜ ነው የቆምኩት። ይህን የጠየቀኝ ዳኛ የለም።"

ስለዚህ ይግባኝ አልኩ፤ ተቀብለውኛል። እሷ ትመሰክራለች። ከእኔ ጋር የሰለጠኑ ሁለት ሾፌሮችም እሺ ብለዋል፤ እንጀራችንን እናጣለን ብለው እየፈሩ እሺ ብለዋል። ቲኬት መሸጫውን ለሌላ ሰው ስጠው።

አንድ ነገር ቀረ። እማዬ ታማ ስለነበር ያን ቀን ችሎት አልገባችም። ትናንት ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ "ወንድምሽ ባይመሰክርልሽ ኖሮ እስር ቤት ነበርሽ፣ ምነው ትንሽ ብታመሰግኚው" አለችኝ። እንዲህ ብለህ እንደነገርካት ያወቅሁት ያኔ ነው። ዕድሜዋን አይቼ እውነቱን ሳልነግራት ሸኘኋት።

በዚህ ሳምንት መጥሪያ ይደርስሃል። በምስክርነት ያስጠራሁህ እኔ ነኝ። እማዬ አሁን ተሽሏታል፤ እመጣለሁ ብላለች፣ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣታለሁ። እስከዚያ ድረስ ቤቷ ሄደህ ችሎት ላይ ያልከውን ራስህ ንገራት። ካልነገርካት እዚያው ከአፍህ ትሰማዋለች።

እህትህ