ለሚካኤል ጽዋ የተነጠፈው የአባባ ፈርን

ሰኞ፣ ግንቦት 9 ቀን

ዛሬም ምንጭ ተመላልሼ ዛሬም ውሃው አልበቃም። ለአባባ ገላ፣ ለድስቱ፣ ለጠላው ጥንስስ... ለቅጠሉ የቀረው የልብስ ማለቅለቂያ ብቻ ነበር። እሱን ላፈስበት ጎንበስ ስል አባባ በመስኮት አይተውኝ ኖሮ አልጋውን በቀኝ እጃቸው ደበደቡት። ሳሙና አለበት ማለታቸው ነው። ግራ ጎናቸው በድን ሆኗል፣ አፋቸው ተሳስሯል፣ ዓይናቸው ግን ምንም አልሆነም። ተመልሼ የመጠጡን ውሃ አመጣሁ። እሱንም ከጎን፣ ሥሩ ላይ ነው የማፈሰው፤ አናቱ ላይ ካፈሰስኩ ሌላ ድብደባ ይከተላል።

ቅጠሉ ፈርን ይባላል። አባባ አዲስ አበባ ለጋሲዮን በሚሉት በአንድ የፈረንጆች ኤምባሲ አትክልተኛ ሳሉ ስሙን ከፈረንጆቹ ሰሙ፤ ቅጠሉን ግን ከወጨጫ ጫካ ራሳቸው ነቅለው ሰበታ ድረስ በአህያ አመጡት። አበባ የለው፣ ፍሬ የለው፣ አይበላ፣ አይሸጥ። ሙያው አለመድረቁ ነው። በበጋ ሣሩ ሁሉ ሲነጣ እሱ ልምልም ይላል። ውርጭ ወርዶ የጎረቤቱን ድንች ሲያቃጥል እሱን አይነካውም። ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ሥር ተንዠርግጎ ይኖራል።

አባባ መስከረም ላይ ሲታመሙ አልጋቸውን ወደዚያ መስኮት ያዞርኩት እኔ ነኝ። ቅጠላቸውን እንዲያዩ ብዬ ነበር። አሁን የሚያዩት እኔን ነው፣ ስሳሳት።

ታናሽ ወንድሜ ተፈራ በአውቶቡስ ረዳቱ በኩል ከሱሉልታ መልእክት ላከ። ሐሙስ ለሚካኤል ጽዋ ከሚስቱ ጋር ይመጣል። ስለ አባባም «እንመካከራለን» ብሏል። ከመስከረም ጀምሮ ስንመካከር ነው የቆየነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 11 ቀን

ጠላው ደርሷል። ዳቦው ተቦክቷል። ወንበር ከጎረቤት ተለምኗል። የደንበኛዬ ቀሚስ አልተሰፋም፤ ጨርቁ ስፌት መኪናው ላይ እንደ ተዘረጋ ነው፤ ሴትዮዋ መጥታ ፊቷን አጥቁራ ሄደች። ቄጠማ ከተፍኪ ረግረግ የሚያመጣልኝ ሰውዬ ነገ በማለዳ እደርሳለሁ ብሎ፣ ንጉሥ ይሙት ብሎ ምሎልኛል።

ጽዋው የአባባ ተራ ነው። ተራዎን ለሌላ ያሳልፉት ብላቸው እንደሚያዝኑ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ እለፋለሁ።

ወገቤ ተቆርጧል። እውነቱን ልጻፈው፦ ተፈራ ቢወስዳቸው ደስ ይለኛል። ይህን ለንስሐ አባቴም አልተነፈስኩ። ሰው ሁሉ «ሱሉልታ እኮ ብርድ ነው» ይለኛል። እዚያ የሚኖረው ሕዝብ በብርድ አልቆ አያውቅም እኮ!

ሐሙስ፣ ግንቦት 12 ቀን

ዘነበችን አንቄ ልገድላት ነበር።

ዘነበች የተፈራ ሚስት ናት። ልቧ ደግ ነው፣ እጇ ግን ከልቧ ይቀድማል። ጠዋት ሲደርሱ እኔ አባባን እያጠብኩ ነበር። ያ የተፍኪ ሰውዬ ቀረ። ቤቱ ራቁቱን ነው፣ ቄሱ ሊደርሱ ነው፣ እኔ እጄ በሳሙና ተይዟል። «ተይው እትዬ ወርቄ፣ የሚነጠፍ እኔ ፈልጌ አመጣለሁ» ብላ ማጭዱን ይዛ ወጣች። መስኩ ላይ ሣር ታጭድልኛለች ብዬ እፎይ አልኩ።

አባባን አልብሼ፣ ነጠላዬን ጥዬ ሳሎን ስገባ ወለሉ አረንጓዴ ሆኗል። መጀመሪያ ማማሩን ነው ያየሁት። ከዚያ ቅጠሉን ለየሁት። ወደ ጓሮ ሮጥኩ። አንድ ሳታስቀር ከሥሩ አጭዳዋለች፤ የቀረው እንደ አሮጌ መጥረጊያ ጉቶ ብቻ ነው። ዘነበች ከኋላዬ መጥታ «እንዴት ያለ ለምለም ነገር ጓሮ ደብቀሻል!» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። ማኅበርተኛው በር ላይ ደርሷል።

ተፈራና ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ አባባን በወንበር ተሸክመው አስገቧቸው። ልከለክል አስቤ በሰው ፊት ምን ብዬ፤ መንገድ ለቀቅኩላቸው። አባባ ወለሉን አዩ። ቄሱ ሲባርኩ፣ ሰው ሲረማመድበት፣ አባባ ቀኝ እጃቸውን ወደ እግራቸው ሰደው አንዷን ቅጠል አነሱ። ገልብጠው ከጀርባዋ ያሉትን ቡናማ ነጠብጣቦች ትክ ብለው አዩና ጉልበታቸው ላይ አኖሯት። ዳቦውን ዘነጉት። እኔም ጸሎቱን አልሰማሁም።

ተፈራ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ብሎ ሳይመሽ ሄደ። ምክሩ ለሌላ ጊዜ ሆነ። አልሸሹም ዞር አሉ።

ዓርብ፣ ግንቦት 13 ቀን

ማለዳ ከኦቦ ገመቹ በረት ትኩስ ፍግ ለምኜ አመጣሁ። በጥቁር አፈር ለውሼ ጉቶውን ሁሉ አለበስኩት፣ ፀሐይም ነፋስም እንዳያገኘው። ብዙ ውሃ አጠጣሁት። አባባ አልጋውን እየደበደቡ ነበር። ገብቼ «አይዞዎት፣ አድነዋለሁ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

የፋሲካ ሃምሳው ቀን ስላልወጣ፣ ዓርብም ስለማይጾም እንቁላል ጠበስኩላቸው። አልነኩትም። አጥሚትም እንቢ አሉ።

እሑድ፣ ግንቦት 15 ቀን

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከጥቂት ማንኪያ አጥሚት በቀር ምንም አልቀመሱም። ከጤና ጣቢያው ድሬሰሩን አስጠራሁ። የልብ ምታቸውን አዳመጠ፣ ምላሳቸውን አየ፣ አዲስ በሽታ የለም አለ። «አዝነው ይሆናል» ብሎ ሽልንጉን ተቀብሎ ሄደ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፍግ ጨመርኩበት። ቀና ስል አባባ በመስኮቱ እያዩኝ ያለቅሳሉ። እማማ የሞተች ቀን እንኳን እንባቸውን አላየሁም።

ፈራሁ። አባቴ በቅጠል ሐዘን ሊሞቱብኝ ነው። ከፍርሃቱ ሥር ደግሞ ንዴት አለ። ስንት ወር ሙሉ ገላቸውን ያጠብኩ፣ ያጎረስኩ፣ ያገላበጥኩ እኔ ነኝ፤ የሚያለቅሱት ግን ለቅጠል ነው። አንድ ቀን እንኳን ለኔ እንዲህ ቢያዝኑልኝ ምን ነበረበት? ጻፍኩት፣ አልፍቀውም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 17 ቀን

ኦቦ ገመቹ ጠዋት «አካም ቡልተኒ» እያሉ ገቡ። አባባን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። አባባ በቀኝ እጃቸው መስኮቱን ሲጠቁሙ አይተው ወደ ውጭ እናውጣቸው አሉኝ። ብርድ ይመታቸዋል አልኩ።

«ይምታቸው። ስንት ቀን ሙሉ ወደ ውጭ እየጠቆሙልሽ አይደል?»

በወንበር ተሸክመን ጓሮ አወጣናቸው። ከፍጉ ክምር አጠገብ ስናስቀምጣቸው ወደ ፊት ተደፉ፤ ኦቦ ገመቹ በመቀነታቸው ያዟቸው። አባባ በዚያች በደህና እጃቸው የከመርኩትን ፍግ ይዝቁት ጀመር። በስመ አብ፣ ለየላቸው ብዬ ነበር። አላቆሙም። ጉቶው ታየ። በጣታቸው በጉቶዎቹ መሐል ያለውን አፈር ሁሉ ጠርገው አወጡት።

እዚያ ውስጥ፣ እምብርቱ ላይ፣ የተጠቀለሉ ጠጉራም ቡቃያዎች አሉ። አዲሶቹ ቅጠሎች ናቸው። አንደኛው በፍጉ ሙቀት ታፍኖ በስብሷል። ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። አልተቆጡም። ከዚያ ጉቶውን መታ መታ አድርገው በሁለት ጣታቸው የመቁረጥ ምልክት አሳዩኝና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

አልገባኝም ነበር፤ ያስረዱኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው። አባባ ክረምት ሲቃረብ አሮጌውን ቅጠል እርሳቸውም ከሥሩ ይቆርጡት ኖሯል። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ልብስ ሰፊ ቤት ነበርኩ፣ የት አይቼ! ሐሙስ ያቺን ቅጠል ገልብጠው ያዩት ለመቆረጥ መድረሷን ነው፤ መቆረጡ አላሳዘናቸውም። አናቱን በፍግ ማፈኔ ነው ያንገበገባቸው።

ወይ ነዶ! ዘነበች ሳታውቅ ያበጀችውን እኔ ተጨንቄ፣ ተጠብቤ ልገድለው ነበር። ደግሞ በላይ በላዩ ስጨምርበት!

ማታ ሙሉ እንቁላል በሉ። ሌላም ጠየቁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 21 ቀን

ተፈራና ዘነበች መጡ። ዘነበች የቅጠሉን ወሬ ከጎረቤት ሰምታ ኖሮ እንባዋ ሊመጣ ነበር። ጓሮ ወስጄ ቡቃያዎቹን አሳየኋትና ደህና አድርገሽ አጭደሽዋል አልኳት። ያሾፍኩባት መሰላት።

ከምሳ በኋላ ተፈራ ጀመረ። ሱሉልታ ብርድ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው። «ደግሞ አንቺ ለምደሻቸዋል» አለ።

«ደክሞኛል፣ ተፈራ» አልኩ።

ይኸው ነው ያልኩት። አባባ እዚያው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። በኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አባት ፊት ተብሎ አያውቅም። ጠላ ቀምሼ ቢሆን ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባልልኝ ነበር፤ ውሃ ነው የጠጣሁት።

ዘነበች ናት የተናገረችው። «እኔ አለሁ አይደል እንዴ? አባቴን እስኪሞት ያስታመምኩ ነኝ። እስከ ዛሬ ማን ጠየቀኝ?»

እውነቷን ነው። እኔና ተፈራ ስንመካከር ስንከርም እሷን የጠየቃት የለም።

ወደ አባባ ዞሬ «እንዲሄዱ ፈልጌ እኮ አይደለም» ልል ጀመርኩ። እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ። ወደ ተፈራ ዞረው፣ በዚያ በተጣመመ አፋቸው፣ አንድ ቃል ብቻ አወጡ።

«ውሰዱኝ።»

ሁላችንም ሰማን። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ግንቦት 23 ቀን

ትናንት ሄዱ። ተፈራ ጭነት መኪና ለምኖ ከሾፌሩ ጎን አስቀመጣቸው። እስከ መስከረም ነው ተብሏል፤ ከዚያ እናያለን። ከፈርኑ ሥር ከፍዬ ልስጥልዎት ብላቸው በጣታቸው እንቢ አሉ፤ አሁን ጊዜው አይደለም፣ ክረምቱ ይግባ ማለታቸው መሆኑ ገብቶኛል። ዘነበች ብርድ ልብሱን አንገታቸው ሥር ስትጠቀጥቅ እጇ ፈጣን ነበር። ቀናሁባት። እንኳን ቀናሁ፣ ጥሩ ትይዛቸዋለች ማለት ነው።

ሌሊት ዘነበ። ውሃ ማመላለስ ቀረልኝ። ጓሮ ወጥቼ ቡቃያዎቹን አየሁ፤ አንደኛው ጥቅልሉን መፍታት ጀምሯል። አልነካሁትም። ያንን ቀሚስ ሰፍቼ ጨረስኩ፣ ሴትዮዋም ወሰደች። ብርዱ ያማቸው ይሆን እያልኩ ሁለት ሦስቴ ቆሜያለሁ፣ ደግሞ ተቀምጬ ሰፍቻለሁ።

ከሰዓት ጎረቤቴ አጥር ላይ አግኝታኝ «ቤቱ ጭር ብሎ አልጨነቀሽም?» አለችኝ። ጨንቆኛል አልኳት፤ እንዲያ ነዋ የሚባለው። ገብቼ በሩን ዘጋሁና በጠራራ ፀሐይ ተኛሁ።