ለውሻው የተፈቀደው

ጥቅምት 9

ክሊኒኩ ሲታመስ ዋለ። ሁለት ድመት ለክትባት፣ ጥርሷ ከልክ በላይ ያደገ ጥንቸል፣ አንድ በቀቀን። የበቀቀኑ ባለቤት «ስድብ ተማረብኝ፣ መድኃኒት የለውም?» አለኝ። ለሰውም አልተገኘለት አልኩት።

ከሰዓት ጡረተኛው ኮሎኔል ውሻውን ታቅፎ መጣ። ኩላሊቱ አልቋል። መርፌውን ወጋሁት፣ ጌታው ጭን ላይ እንደተኛ ዐረፈ። ኮሎኔሉ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ገላገልከው፤ እጅህ ይባረክ» አለኝ።

እትዬ ከጓሮ ክፍሏ በመስኮት ሁሉንም ሰምታለች። እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን አክስታችን ናት። ሕመሙ ከበረታባት ወዲህ እኔ ጋ ነው ያለችው።

«ውሻው ወረፋ ጠበቀ?»

«አልጠበቀም።»

«ታድሎ» አለችና ሾርባዋን ገፋ አደረገችው።

ጥቅምት 12

ጠየቀችኝ።

ትራሷን ሳስተካክል፣ ልክ ጨው አቀብለኝ እንደማለት… «እኔንስ መቼ ነው የምትገላግለኝ?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ዕድሜ ልኳን ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት፤ ከጠየቀች መልስ ትጠብቃለች። ካንሰሩ አከርካሪዋ ውስጥ ገብቷል። «ጀርባዬ ውስጥ ሰው እንጨት ይፈልጣል» ትላለች። ሆስፒታሉ የሚሰጣት እኔ ለራስ ምታት የምውጠውን ክኒን ነው።

«ሕግ አለ እኮ እትዬ።»

«ለውሻው ሲሆን የት ሄዶ ነበር?»

ትራሷን ደግሜ አስተካከልኩ።

ጥቅምት 20

ወንድሜ መጣ። ዐቃቤ ሕግ ነው። ሰሞኑን ሬዲዮው ሁሉ የሚነታረክበት ረቂቅ ሕግ አለ… የማይድን ሕመምተኛ «ሐኪም ይርዳኝና ልሙት» ቢል ይፈቀድለት የሚል። ወንድሜ በሕዝብ ውይይቱ ላይ ከተቃዋሚዎቹ ወገን ሆኖ ይናገራል። ንግግሩን ሊያነብልን ነው የመጣው።

«ዛሬ ለማይድን በሽተኛ። ነገ ሸክም ለሆነ ሽማግሌ። ከነገ ወዲያ አስታማሚ ለሌለው ድሃ። ሰው ‹ልሙት› ሲል ‹ሰለቻችሁኝ ወይ?› ማለቱ ቢሆንስ? ማን ይለየዋል?»

እውነት አለው። ለእሱ ግን አልነገርኩትም።

«ስቃዩ የማን ነው? የመንግሥት ነው?» አልኩት።

«ሕይወት እንደ ኮት አውልቀህ የምትሰጠው ነገር ነው?»

ጠረጴዛ እየደበደብን ተከራከርን። እትዬ መሃላችን ጋደም ብላለች። ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ በቀይ እስክሪብቶ «ማስረጃ?» ብላ ጻፈችበት። ሁለት ቦታ። እኔንም አልማረችኝም፤ «አንተ ደግሞ ከውሻ ወደ ሰው የተሻገርክበትን ስሌት አሳይ» አለችኝ። ራሷ አይደለች እንዴ ያሻገረችኝ!

ያን ሁሉ ስንጨቃጨቅ «አመመሽ ወይ?» ያላት ሰው የለም።

ኅዳር 2

ሆስፒታል ወሰድኳት። ወጣት ሐኪም ነው። ጠንከር ያለ ማስታገሻ ይሰጣት፣ ሞርፊን፣ አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ…

«ሱስ ያስይዛቸዋል።»

ሰማንያ ያለፋት፣ ካንሰር አጥንቷ ውስጥ የገባ ሴት… ሱስ!

«መጥፎ ጓደኛ እንዳይገጥማት ፈርተህ ነው?»

አልሳቀም። «ሕጉ ከባድ ነው። እንጀራዬን ማጣት አልፈልግም» አለ።

እትዬ ሰምታ ኖሯል። ታክሲ ውስጥ «መግደሉን ሕግ ይከለክላል። ማስታገሱንም ሕግ ይከለክላል። የተፈቀደልኝ እንግዲህ መጮህ ነው» አለች።

አልጮኸችም ግን።

ኅዳር 4

ለወንድሜ ነገርኩት። ስለ ሞርፊን የወጣውን መመሪያ አውጥቶ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ሕጉ አይከለክልም… እንዲያውም በግልጽ ይፈቅዳል! ሐኪሙ አላነበበውም፤ በወሬ ነው የፈራው። ወንድሜስ? ስለ መሞት መብት ስንት መጽሐፍ ሲያገላብጥ ከርሞ ይህቺን አንዲት ገጽ ገልጧት አያውቅም። እኔም ሬዲዮ ሳዳምጥ ነው የከረምኩት።

ወዲያው ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሙ ሊታሰር መስሎት ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለው አለኝ።

ኅዳር 6

የሞርፊን ሽሮፑ መጣ። ነርስም ቤት ድረስ እየመጣች ታያታለች። እትዬን እንቅልፍ ወሰዳት… አፏን ከፍታ፣ እያንኮራፋች። በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኳት። ድመቶቹ ወረፋ ይጠብቁ።

ስትነቃ ሸሚዜ አለመተኮሱን ነገረችኝ። ፀጉሬ መሳሳቱንም።

«ጥያቄሽን ተውሽው ማለት ነው?»

«ማን አለህ? ይደር አልኩ እንጂ።»

ኅዳር 15

ነርሷን፣ ሬዲዮውን፣ ወንድሜን… ሁሉንም በተራ ሰደበች። ደህና ናት።

ኅዳር 28

ሕመሙ ተመልሶ መጣባት። ሽሮፑ አልበቃ አለ። ድምፅ አታወጣም… አንሶላውን ትነክሳለች። ነርሷ ለሐኪሙ ደውላለች፤ ነገ በጠዋት እመጣለሁ ብሏል። ነገ!

ወንድሜ ክንዴን ይዞ ወደ ክሊኒኩ ወሰደኝ። በሩን ዘጋ። በጥንቸሎቹ መሃል ቆምን።

«አንተ… ለእነዚህ የምትሰጣቸው ነገር…»

አልጨረሰውም።

እሱ! ዐቃቤ ሕጉ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

እኔስ ምን መለስኩ? አንቀጽ ጠቀስኩለት። እኔ፣ አንቀጽ!

«ቁጥሩን ተሳስተሃል» አለኝ።

ሳቅን። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሰቀሰቀ። እኔም አልቀረሁም።

ሕጉን ፈርቼ አይደለም። እጄ ነው እምቢ ያለኝ። ስንቱን ሲገላግል የኖረ እጅ እሷ ጋ ሲደርስ ምን ነካው? ስለምወዳት? ኮሎኔሉስ ውሻውን አይወደውም ነበር?



ኅዳር 29

ሐኪሙ ቃሉን ጠበቀ። እኛን አልፎ በቀጥታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እማማ፣ መጠኑን ልጨምርልዎ እችላለሁ። እንቅልፍ ይበዛብዎታል። ዕድሜዎን ሊያሳጥረውም ይችላል፤ አልደብቅዎትም። የማደርገው ሕመሙን ላስታግስ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ የለኝም። ይፈቅዳሉ?»

«ልጄ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አለችው።

ፈቀደች። ወደ እኛ ዞራ፣ «እናንተ ደግሞ አትንጫጩብኝ።»

በረንዳ ላይ ወንድሜ ምሰሶውን ተደገፈ። ከዚያ… «ሐሳብ» አለ። «እኛ ሙያ ውስጥ ወንጀሉን ወንጀል የሚያደርገው ሐሳብ ነው።»

አየኝ። አየሁት።

ሐኪሙ የራሱን ሐሳብ ተናገረ። የእኛን የጠየቀ የለም። ብጠየቅ እዋሽ ነበር።

ታኅሣሥ 3

እትዬ ዐረፈች። ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ አልጋዋ ላይ እያለ። እኔና ወንድሜ መጋረጃው ይዘጋ አይዘጋ እየተባባልን ነበር። ዞር ስንል…

መጋረጃውን የዘጋው እሱ ነው።

ታኅሣሥ 19

የሕዝብ ውይይቱ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ደጋፊዎች በግራ፣ ተቃዋሚዎች በቀኝ… እንደ ሠርግ። እኔ በግራ ተቀመጥኩ።

ወንድሜ ተራው ደርሶ ወጣ። ወረቀት አልያዘም። በመጀመሪያ ስለ ማስታገሻው ተናገረ፤ የተፈቀደውን መድኃኒት በፍርሃት ስለሚከለከሉ ሰዎች። ጸጥ ብለው ሰሙት። ከዚያ…

«ስለ ረቂቁ የፈራሁትን ሁሉ አሁንም እፈራለሁ። ነገር ግን የምወዳት ሰው አንሶላ ስትነክስ አይቼ፣ ከልክሉ ስል የከረምኩትን ነገር ራሴ ለምኛለሁ። ከከልካዩና ከለማኙ የትኛው እኔ እንደሆንኩ ገና አላወቅኩም።»

ተቀመጠ። ከግራም ከቀኝም ጮኹበት። ሁለቱን ወገን ያስማማ ብቸኛ ተናጋሪ!

ሰብሳቢው «እስቲ ለግምት ያህል እጅ እናውጣ» አሉ። የሚደግፉ… የእጅ ጫካ። የሚቃወሙ… ሌላ ጫካ። ጥቅምት ላይ ቢሆን ሁለቱንም እጆቼን ለድጋፍ አነሣ ነበር። ዛሬ ጭኔ ላይ ቀሩ። መድረኩን አየሁ። የወንድሜም እጆች ጉልበቱ ላይ ናቸው።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ታዘበኝ። በአገጩ ወደ መድረኩ አመለከተ።

«አየኸው? አገር የሚያጠፋው እንዲህ ያለ ምንም የማይሰማው ሰው ነው። አንተም የእሱ ቢጤ ሳትሆን አትቀርም።»

«ወንድሜ ነው» አልኩት።