እማዬ ያለችበት ሚሞሪ

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ስልኩ ዛሬም ሞልቻለሁ አለ። የተማሪዎቹን ውጤት ፎቶ ላነሳ ስል «በቂ ቦታ የለም»። በቃ የለም።

ከማስተምርበት ገጠር፣ ከሌሞ፣ በጋሪ ተመለስኩ። አቧራ ቅሜ፣ ወገቤ ተቆርጦ። አባዬ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ። «ሶስና ነሽ?» አለ። ሌላ ማን ሊሆን ነው? እማዬ ከሞተች ወዲህ በዚህ በር የምገባው እኔ ብቻ ነኝ። ወንድሜ አሞጽ ደቡብ አፍሪካ ነው፣ ለቀብሯም አልደረሰ።

ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ብርሃንና ጨለማ ይለያል፣ ሰው አይለይም። ግን ሁልጊዜ ከእራት በኋላ «ስልክሽን አምጪ፣ እናትሽን አሳዪኝ» ይላል። አሳየዋለሁ... ማለት እነግረዋለሁ። ስልኩን እሱ ይይዛል፣ እኔ እናገራለሁ። ይቺ የመስቀል ዕለት ናት። የቡላና የቅቤውን ምግባችንን፣ አተካና፣ እያማሰለች ነው። ቅቤው እስከ ክንዷ ወርዷል። አታንሺኝ ብላ ማማሰያውን አንስታብኛለች። ይስቃል። «ትመታለች እሷ፣ አትቀልድም!» ይላል።

ከዚያ ዕቃ አጠባ። ከዚያ የነገ ትምህርት። ከዚያ መውደቅ።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ተነገረ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ የዓይን ሐኪሞች ሆሳዕና ይመጣሉ። የሞራ ኦፕራሲዮን፣ በነፃ። ከስብከቱ በኋላ ተጋፍቼ አባዬን አስመዘገብኩት።

መንገድ ላይ «ዓይኔ ሲበራ መጀመሪያ የማያት እሷን ነው» አለ።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንቺ የት ትሄጃለሽ?»

እውነቱን ነው። የት እሄዳለሁ?

ቤት ውስጥ የተሰቀለ ትልቅ ፎቶ አላት፣ ግን እሱ አይቆጠርም። ለለቅሶው ጊዜ ፎቶ ቤቱ ከመታወቂያዋ አሳድጎ የሠራው ነው። የማን እንደሆነ እንጃ፣ ሱፍ ኮት አልብሶ፣ ከኋላዋ አበባ ደርድሮ። በሕይወቷ ኮት ለብሳ የማታውቀውን ሴትዮ የቢሮ ኃላፊ አደረጋት። እማዬ ያለችው ስልኬ ውስጥ ነው።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ስልኩ መልእክት መቀበልም አቆመ። ሀብቴ፣ የኮምፒውተር አስተማሪያችን፣ ተቀብሎ አየልኝ። «ይሄ ሁሉ ፎቶ ምን ይሠራልሻል? ግማሹን አጥፊያ!» አለ። የእናቴ ነው ስለው አፈረ። «በቃ ሚሞሪ ካርድ ግዢና ወደዚያ አዙሪው። ሁሉንም ምረጪ፣ ሙቭ በይ፣ አለቀ።»

ኢንተርኔት ላይ አይቀመጥም ወይ ብሎም ጠየቀኝ። ዳታ ይበላል ብዬ የዘጋሁት እኔው ነኝ። ብልጥ መሆኔ ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ካርዱን ገዛሁ። ፎቶዎቹን አዞርኩ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ልብስ አጠብኩ፣ ጨርሼ ስመለስ አሁንም እያዞረ ነው። በመጨረሻ «ተጠናቋል» አለ። ከፍቼ አየሁ። ሁሉም አሉ... የመስቀሉ፣ ጓሮ እንሰት ስር የተቀመጠችው፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ያለችውም። ስልኩ ቀለለው። እኔንም ትንሽ ቀለል አለኝ መሰለኝ።

አባዬ የሬዲዮኑ ሚሞሪ ጠፋብኝ ብሎ ሲነጫነጭ ዋለ። ያቺን ትንሽ ሬዲዮኑን መዝሙር ካልሞላባት ቀኑ አይመሽለትም። አልጋ ስር ገብቼ ፈለግሁ፣ አጣሁት።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ርእሰ መምህሩ ሪፖርት በቴሌግራም ላኩ አለ። የእኔ ኔትወርክ እዚያ ገጠር አይሠራም፣ ሌላ ሲም አወጣሁ። ለካ የስልኬ ሁለተኛ ቦታ ለአንድ ብቻ ነው፤ ወይ ሲም ወይ ሚሞሪ። ሚሞሪውን አውጥቼ ቁም ሳጥኑ ላይ ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሪፖርቱ እስኪያልቅ ነው።

አባዬን «ዛሬ ፎቶ የለም፣ ደክሞኛል» አልኩት። «እሺ» አለ። እሺ ሲል ደግሞ ያናድደኛል። ምናለ ቢቆጣኝ?

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ



ስገባ አባዬ መዝሙር ከፍቶ፣ በቋንቋችን በሀዲይሳ፣ እያጨበጨበ። ደስ ብሎታል። «ሚሞሪዬን አገኘኋት! ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጫት ረስቼ፣ በእጄ ዳስሼ አገኘኋት። ፈትሁዲን ጋ ወስጄ አስሞላኋት» አለ።

ብርጭቆውን አየሁ። ባዶ። ሬዲዮኑን ከእጁ ነጥቄ ካርዱን አወጣሁ። የእኔው ነው። ስልኬ ላይ ከተትኩት። መዝሙር... መዝሙር... መዝሙር። ሌላ ምንም።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» ይላል።

«ምንም። ድምፁን ልቀንሰው ብዬ ነው።»

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ፈትሁዲን ሱቁ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው። ሙስሊም ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሲጭን ስለሚውል የከተማውን መዝሙር ሁሉ ከእኛ መዘምራን በላይ ያውቃል። ሰው ሚሞሪ ይዞለት ይመጣል፣ እሱ ፎርማት አድርጎ፣ ያለበትን ሁሉ ጠርጎ፣ ይሞላል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። «ቫይረስ ስላለው ነው ቲቸር፣ መጀመሪያ አጸዳዋለሁ። እኔ የአባባ የሬዲዮን ነው ብዬ... ወላሂ አላየሁም» አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ምን ልበለው? ማን ላይ ልጩህ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

የጠፋ ፎቶ የሚመልስ ፕሮግራም አለኝ፣ ልሞክር አለ። ሰጠሁት።

ማታ አባዬ «ስልክሽን አምጪ» አለ።

አመጣሁ። እጁ ላይ አደረግሁ። የስልኩ የራሱ ሰማያዊ ስክሪን ነው ያለው። «ይቺ የመስቀል ዕለት ናት» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ፈትሁዲን ጠራኝ። የተመለሰውን በኮምፒውተር አሳየኝ። የመብራት ቆጣሪ። ጥቁር ሰሌዳ። የእማዬ መድኃኒት ማዘዣ። ጣሪያ። ከዚያ ግማሹ ግራጫ የሆነ ነገር፣ ከታች ሁለት እግር በላስቲክ ጫማ። የእማዬ እግር ነው... ከጉልበቷ በላይ የለችም። መዝሙሮቹ ላዩ ላይ ስለተጻፉበት ሌላው አይመለስም አለ። አብሮኝ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ለአሞጽ ጻፍኩለት። ታማ ሳለች የላክሁልህን ፎቶዎች መልስልኝ አልኩት። አክስቶቼ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፤ ጎረቤትም እማዬን ያነሳ የለም፣ ካሜራ ስታይ ጀርባዋን ትሰጣለች። የቀረኝ አሞጽ ነው።

ጥቅምት 30፣ እሁድ

አሞጽ አይቶታል፣ ግን መልስ የለም።

ማታ ለአባዬ እንሰት ስር የተቀመጠችውን «አሳየሁት»። ነጠላዋ ሰማያዊ ጥለት አለው አልኩ። አባዬ አንገቱን ቀና አደረገ። «ባለፈው አረንጓዴ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ጥላ ሆኖብኝ ነው።»

እንዴት በአንድ ሳምንት ትጠፋብኛለች? አረንጓዴ ነበር? ሰማያዊ ነበር? እኔ ያነሳሁት ፎቶ አይደለም እንዴ?

ኅዳር 1፣ ሰኞ

አሞጽ ድምፅ ላከ። ከኋላው የሱቁ ደንበኛ ይጮሃል። «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ያኔ የላክሽልኝን አጥፍቼዋለሁ። እንደዚያ ከስታ ማየት አልቻልኩም። እዚህ ብቻዬን ሆኜ... አልቻልኩም» አለ።

ልቆጣው ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። እኔ እንኳን አጠገቧ ሆኜ አልቻልኩም። «አይዞህ» ብዬ ላክሁለት።

ከነገ ወዲያ ኦፕራሲዮን ነው።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

የቀኝ ዓይኑን ሠሩለት። ሐኪሞቹ ሲሮጡ ዋሉ፣ ኮሪደሩ ሁሉ የታሸገ ዓይን። የግራውን ሌላ ጊዜ አሉ። ነገ ይፈታል። ሌሊቱን እዚያው ያድራል፣ እኔም አግዳሚ ላይ። አባዬ ደስታውን ከጎኑ ላሉት ሽማግሌ ያወራል፤ «ልጄ የእናቷን ፎቶ በስልክ ይዛልኛለች» እያለ።

መሬት ተሰንጥቆ በዋጠኝ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ተፈታለት።

ነርሷ ጣቷን አሳየችው፣ ቆጠረ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። ብዙ አየኝ። «ከስተሻል» አለ። «ፀጉርሽም... አንቺ ልጅ፣ ሽበት መቼ ነው ያወጣሽው?»

ሳቅ አፌ ላይ ደርሶ ቀረ።

ባጃጅ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ እንደ ልጅ ሁሉን ሲያይ መጣ። ቤት እንደገባን ግድግዳውን አየና ቆመ። «ይቺ ማን ናት?» እማዬ ናት አልኩት። «ኮቱስ?» የፎቶ ቤቱ ነው። ተጠግቶ አየና «ወዲያ!» ብሎ ተቀመጠ። እጁን ዘረጋ። «አምጪ ስልኩን።»

አሁን ነው። እግሩ ስር ተቀመጥኩ። «የለም አባዬ። ፎቶዎቹ ጠፍተዋል።»

«ማን አጠፋቸው?»

እጁን አየሁት። ያን ብርጭቆ ውስጥ ዳስሶ ያገኘውን እጁን። ብነግረው ያንን ሬዲዮን ሁለተኛ አይከፍትም፣ እስኪሞት ራሱን ይረግማል። «እኔ ነኝ። ስልኩን ሳስተካክል በስህተት።»

«መቼ?»

«ጥቅምት ሳይወጣ።»

አሰበ። ይህን ጥያቄ ነበር የፈራሁት፣ መጣ። «ታዲያ ያን ሁሉ ማታ ምን ነበር የምታሳዪኝ?»

ባዶውን ስልክ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ዕውር ነው ብለሽ ተጫወትሽብኝ» አለ። ተነስቶ ክፍሉ ገባ። በእጁ ግድግዳ ሳይዝ፣ ቀጥ ብሎ ገባ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

አላናገረኝም። ጠብታውን ዓይኑ ላይ ሳደርግለት እንኳን ጣሪያውን ነው የሚያየው። ምሳ አቀረብኩ፣ ጎረስ አድርጎ ተወው። ሬዲዮኑ ዝግ ነው።

ትምህርት ቤት ፈቃድ ስላለኝ ቤት ዋልኩ። ቀኑን ሙሉ ሁለታችን፣ አንድ ቃል የለም። ድካሙ እንኳን ሰው ሲያናግረኝ ይሻል ነበር።

ኅዳር 7፣ እሁድ

ፈትሁዲን ሊጠይቅ መጣ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዞ። «አላህ ይማርዎት አባባ፣ እንኳን ለብርሃን አበቃዎት» አለ። አባዬ ደስ አለው፣ አጠገቡ አስቀመጠው። ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።

ከዚያ ያ የዋህ አፉን ከፈተ። «አባባ፣ እኔንም ይቅር ይበሉኝ። ያን ቀን ሚሞሪውን ይዘው ሲመጡ ውስጡን ሳላይ ማጥፋት አልነበረብኝም።»

«የትኛውን ሚሞሪ?»

ከፈትሁዲን ፊት ለፊት ቆሜ ዓይኔን ጠቀስኩለት፣ ዝም በል ብዬ። እሱ አላየኝም። አባዬ አየኝ። ድሮ ቢሆን ኖሮ አያየኝም ነበር... አሁን ግን አየኝ።

«ቁጭ በይ» አለኝ። «አንተ ተናገር።»

ፈትሁዲን ሁሉንም ተናገረ። የተመለሰውን እግርም ሳይቀር። ላቡ እየወረደ ሄደ፣ ሻዩንም አልጠጣ። አባዬ እጆቹን ገልብጦ አያቸው። ብዙ ጊዜ። አለቀስኩ፣ እንባዬን መደበቅም ቀርቷል፣ ያያል።

«ለምን በራስሽ ላይ አላከክሽው?»

«እንዳታዝን ብዬ።»

«አንቺስ?»

እኔስ? እንጃ። የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ አላሰብኩትም። ደክሞኛል አልኩት። እንደው ዝም ብሎ፣ ከወገብና ከእግር ሳይሆን፣ ሁለመናዬ ደክሞኛል። እማዬ ከሞተች ወዲህ ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር። አባዬ ራሴን ይዞ ደረቱ ላይ አስጠጋኝ፣ ልጅ ሳለሁ እንኳን እንደዚያ አድርጎኝ ትዝ አይለኝም።

እራት በላን። እሱ ራሱ ሳህኑን አነሳ፣ አንዱን ጣለው፣ «ግድ የለም» አለ። ዕቃውን ላጥብ ስነሳ «ተይው፣ ስልክሽን አምጪ» አለ።

«አባዬ፣ ምንም የለበትም እኮ።»

«አውቃለሁ፣ አምጪ። ዛሬ አንቺ ትቀመጫለሽ።»

ስልኩን እጄ ላይ አደረገልኝ። እሱ ባዶ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ጣቱን አስቀመጠ። «ይሄ የጊምቢቹ ገበያ ነው። ያቺ ልጅ ትታይሻለች? ቅቤ በኮባ ጠቅልላ የያዘችው። እኔ ፈረስ ላይ ነኝ፣ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ። ፈረሱ ጭራውን ወዘወዘና አቧራውን ቅቤዋ ላይ። እይ እንዴት እንደምታየኝ! ውረድ አለችኝ። ወረድኩ...»

«ይህን እኔ አላነሳሁም» አልኩት፣ እየሳቅሁም እያለቀስኩም።

«አንቺ የት ነበርሽና!» አለ። «ዝም ብለሽ እዪ።»

ስልኩ ባትሪው አልቆ ጠፋ። አባዬ መጥፋቱን አይቷል፣ ማውራቱን ግን አላቆመም።