የዝምታ ዝርዝር

ጥቅምት 3

የጥገና ሱቄን እስከ ወሩ መጨረሻ ዘጋሁት። በሩ ላይ «ለሥራ ወጥቻለሁ» ብዬ ለጠፍኩ። ሥራ ከተባለ... የእህቴ ልጅ የሮክ ባንድ አምስት ኮሌጅ ዞሮ ሊጫወት ነው። ሹፌሩ እኔ፣ ድምፅ ተቆጣጣሪው እኔ፣ ዕቃ ተሸካሚውም እኔ። ማንም አላስገደደኝም። «እኔ እያለሁ!» ብዬ የዘለልኩት ራሴ ነኝ። ያለ አስተማሪ ሃያ ስምንት ዓመት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ፈትቶ የገጠመ ሰው ሮክ ያቅተዋል?

እትዬ፣ እናቷ፣ ሚኒባሱ መስኮት ድረስ መጣች።

«ስማ፤ አምስቱን በደህና ከጨረሱ አንድ ዓመት ሙዚቃዋን ትሞክር። መሐል ላይ ከተበተኑ ግን በሚቀጥለው ወር ክፍሏ ገብታ ትማራለች። ተስማምተናል። ምስክሬ አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«አንተ። ደግሞ ቀልድህን ቀነስ አድርግ።»

ቀልዴ ምን አደረጋት?

ሦስት ናቸው። የእህቴ ልጅ ትዘፍናለች፣ ጊታር ትጫወታለች። ቤዝ ጊታሩን የያዘውን ረጅም ቀጫጫ ሰንበሌጥ ብዬዋለሁ። ድራም የሚመታው ደግሞ ዝምታ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ስታናግረው ግማሹን አይመልስማ። ጣራ የሚያስነሳ ድራም እየመታ ዝምታ! ካወጣኋቸው ስሞች ሁሉ ይቺ ትበልጥብኛለች።

ገና ሳንነሳ ጭቅጭቅ። ዝምታ ከኔ ጀርባ፣ በግራው መስኮት ጥግ ካልሆነ አይቀመጥም። እዚያ ሰንበሌጥ ጊታሩን አስቀምጧል። ሃያ ደቂቃ ስለ አንድ ወንበር! የመዋዕለ ሕፃናት ሹፌር ብሆን ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 5

የመጀመሪያው ኮሌጅ። አዳራሽ ተብሎ የምግብ ቤቱ ጥግ ተሰጠን። የምሳ ሰዓት ነው። የጭማቂ መፍጫው ከኛ ጋር በአንድ መስመር ነው የተሳበው፤ አንድ ሰው ፓፓያ ባዘዘ ቁጥር ጊታሩ ያቃስታል።

የዘፈኖቹን ዝርዝር የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ከሩቅ ይነበባል። በማርከር አራት ቅጂ። ሦስቱ በየእግራቸው ሥር በፕላስተር ይለጠፋሉ፣ አራተኛው የኔ ነው፣ ድምፁን በማስተካክልበት ሚክሰር ላይ።

1. የተበላሸው ሊፍት (11 ደቂቃ!!)
2. ቁልፌን መልስ
3. ኮት
4. ሰኞ
5. እንዳትደውል

በአሥራ አንድ ደቂቃ ዘፈን ማን ይጀምራል? ሊፍቱ ሳያልቅ ግማሹ ተማሪ ትሪውን መልሶ ሄደ።

«አጎቴ፣ ሰው ቀስ ብሎ እንዲገባበት ነው።»

«ገብተው እኮ ነው የተቆለፈባቸው! ጥበቃ ይጠራላቸው!»

ሰንበሌጥ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ዝርዝሩ አይነካም አለች።

ዝምታ ደግሞ በሌላ በኩል ያቃጥለኛል። መድረክ ላይ ራሳቸውን የሚሰሙበትን ትንሽ ስፒከር በግራው አስቀመጥኩለት። ወደ ቀኙ አዞረው። ገመዱ ስለማይደርስ መለስኩት። ዞር ብዬ ሳይ ቀኝ ነው፤ ሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ተኝቷል። መለስኩት። «አይደርስም አልኩህ እኮ!» አልኩት። ዝም። ከጠረጴዛ ጋር የማወራ መሰለኝ።

ጥቅምት 8

ዝናብ። ጎማ ተነፈሰ። ክሪክ የለም። ሰንበሌጥ «ከባድ ስለሆነ አውርጄዋለሁ ጋሼ» አለኝ። ከባድ ስለሆነ!

ጥቅምት 9

ሁለተኛው ኮሌጅ። አርባ ደቂቃ ተሰጥቶን ዲኑ ሃያ አምስቱን ስለ ሥነ ሥርዓት ተናገሩበት። ከቀረው ላይ ሊፍቱ አሥራ አንዱን በላ። አንድ ዘፈን ጨምረው ወረዱ። ይሄ ሁሉ መንገድ ለሁለት ዘፈን?

መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ዝምታ ሦስት ጊዜ «ዝርዝሩ አልተቀየረም?» አለኝ።

«ቢቀየር መድረክ ላይ ትናገር የለ?»

«ወረቀቱ ይሻለኛል ጋሼ።»

መሥሪያ ቤት መሰለው? በደብዳቤ ካልሆነ አይንቀሳቀስም።

ጥቅምት 13

ሦስተኛው ደህና ነበር። እውነተኛ አዳራሽ፣ እውነተኛ መጋረጃ። «ኮት»ን ስትዘፍን ማንም አልተነቃነቀም። በሩ ጀርባ ተሰቅሎ ስለቀረ የአባቷ ኮት ነው። የኮቱን ባለቤት አውቀው ነበር። አጎንብሼ ገመድ የምፈልግ መሰልኩ።

ጥቅምት 16፣ ጠዋት

አራተኛው ዛሬ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የሚያወራ ሰው የለም። ሁሉም ጆሮው ላይ የየራሱን ማዳመጫ ሰክቶ ይሄዳል። ሬሳ የጫንኩ መሰለኝ። ትንሽ ማነቃቃት ያስፈልጋል።

አራቱን ወረቀቶች ጻፍኩ። የዝምታን ብቻ 3ኛውንና 4ኛውን አገላበጥኩት። እሷ «አሁን ኮት» ስትል እሱ ወረቀቱ ላይ «ሰኞ» ያያል። አንድ ጊዜ እንኳ አፉን ከፍቶ «ምንድን ነው ነገሩ?» ይላል። በቃ፣ ቀልዱ ይኸው ነው። ሁለት ሰከንድ።

ጥቅምት 16፣ ከሰዓት

ምን አደረግኩ?

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሊፍቱ እንኳ ሰው አላስወጣም። ሦስተኛው ላይ ደረሱ። ማይኩን ጠጋ ብላ «ይሄንን ዝም ብላችሁ ብትሰሙልኝ... የአባቴ ኮት ነው» አለች። ሦስት መቶ ሰው ጸጥ አለ። ልስቅ ተዘጋጅቼ ዝምታን አየሁት። ወረቀቱን አየ። እንጨቶቹን አጋጨ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...

ሰኞ! በሙሉ ጉልበቱ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የእህቴ ልጅ ዞረች። ሰንበሌጥ እጁን አወናጨፈ። እሱ አጎንብሶ ቀጠለ፤ ብቻውን። ለምን አያቆምም? ቀና ያለው በጣም ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ሁሉንም አየ።

ኮትን ዘለሉት። የቀሩትን እንደምንም ጨረሱ። እኔ ቀድሜ መድረክ ላይ ወጥቼ የዝምታን ወረቀት ላጥኩና ኪሴ ከተትኩ።

«አትሰማም እንዴ?» አለችው መጋረጃው ጀርባ። «ኮት ነው ያልኩት! በማይክ!»

ሊያሳያት ወደ ድራሙ ሄደ። ወረቀቱ የለም። «ተሳስቼ አንብቤ ይሆናል» አለ። ቀጥሎም፣ «ለአምስተኛው ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«ስድስት ቀን ቀርቶን? ከየት?»

እንጨቶቹን ሰብስቦ ወጣ። እኔ ምንም አላልኩም። እኔ! ዝም ማለት የማላውቀው!

ጥቅምት 17

ሁሉም ነገር አናደደኝ። ሰንበሌጥ ሲያኝክ አናደደኝ። የእንግዳ ማረፊያው ቧንቧ አናደደኝ። ሲጣራ የሚያናድደው ኪሴ ውስጥ ያለው ነው።

እትዬ ደወለች። «እንዴት ናቸው?»

«አሉ።»

ውሸት አይደለም። አሉ።

ጥቅምት 18

ዝምታ ክፍሉ ውስጥ ድራሙን እየፈታ ነበር። ሊሄድ ነው። ገባሁ፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል። በግራው በኩል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እያየኝ ስላልሆነ ቀለለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሙሉውን ተናዘዝኩ። ማርከሩን፣ ሦስትና አራቱን፣ ወረቀቱን መላጤን። ይቅርታ አልኩት። በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ ለማንም አልተናገርኩም።

እሱ ብሎኑን መፍታቱን ቀጠለ።

«ምንም አትልም?» ብዬ ትከሻውን ነካሁት።

ደንግጦ ዞረ። «ጋሼ! መቼ ገቡ?»

...

አየሁት። እሱም እንዳየሁት አየ። የግራው መስኮት ጥግ። ቀኝና ግራ ስንጎትተው የከረምነው ስፒከር። ሃያ ስምንት ዓመት የድምፅ ሥራ! በአንድ መኪና ሁለት ሳምንት! አንድ ጆሮው የማይሰማን ሰው አላወቅኩም።

«ግራው ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አይሠራም» አለ። «ኩፍኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ዝምታ ብለው ስም አወጡልኝ። ደስ አለኝ። ትምህርት ቤት ካወጡልኝ ይሻላል።»

ወደ ቀኙ ዞሬ እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ይሰማላ። ወረቀቱን አወጣሁለት። ከፍቶ ቆየበት።

«ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔም ሊሄድ ነው ብዬ ስፈራ ነበር፣ ጋሼ።»

አጣጥፎ መለሰልኝ።

«ይውጡልኝ» አለ። ወጣሁ።

ጥቅምት 19

ጠዋት ለሁለቱ ነገርኩ። ስለ ወረቀቱ ብቻ፤ ስለ ጆሮው መናገር የሱ ፋንታ ነው። ሰንበሌጥ ማኘኩን አቆመ። የእህቴ ልጅ መዳፏን ዘረጋች።

«ማርከሩን።»

ሰጠኋት።

«በአባቴ ዘፈን ላይ? እኔ ደግሞ እሱ ላይ ጮህኩበት! አትሰማም አልኩት!»

አጎቴ አላለችኝም። ቀኑን ሙሉ።

ከሰዓት እሱ ክፍል ገብታ ረጅም ጊዜ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ስለ ጆሮው ነግሯታል ማለት ነው። አምስተኛውን ይመታል። ሁለት ነገር ይፈልጋል። ስፒከሩ በቀኙ ይሁን። ዝርዝሩን ከእንግዲህ እሱ ይጻፍ።

የኔን ስንብት አልጠየቀም። ረስቶት ይሆን?

ጥቅምት 20

አራት ሜትር ገመድ ገዝቼ ለስፒከሩ በየድኩ። ሁለቱን ጫፍ ጨምሮ አሥር ደቂቃ ፈጀ። አሥር ደቂቃ! «አይደርስም» እያልኩ የጮህኩበት ጊዜ ብቻ ከዚያ ይበልጣል።

አምጥቼ በቀኙ ሰካሁት። በማይኩ «አንድ፣ ሁለት» አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። ልቀልድ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እንዴት ያማል...

ጥቅምት 22

አምስተኛው። የስፖርት አዳራሽ፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። ዝምታ አራቱን ወረቀት ራሱ ጻፈ፣ ራሱ ለጠፈ። የኔንም ሚክሰሩ ላይ ለጥፎልኝ ሄደ። ጽሕፈቱ እንደ ጉንዳን ነው። መነጽሬን አወጣሁ።

አንደኛ፣ ኮት።

ጎሽ! በመጨረሻ ሊፍቱን ከፊት አነሱት! የሷን ማይክ ከፍ፣ ጊታሩን ዝቅ፣ ድራሙን ጭራሽ ቀበርኩት። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ሊፍቱ ጀመረ።

ተንደርድሬ የሚክሰሩን ቁልፎች አነሳሁ። ምን ነካቸው? ሁለተኛ፣ ሰኞ ይላል። ለድራሙ አዘጋጀሁ። ቁልፌን መልስ ብላ በሹክሹክታ ጀመረች፤ ድራሙ አዳራሹን ሊያፈርሰው። ላብ አጠመቀኝ። የፊት ረድፍ ያሉት ዞረው ያዩኛል። ይሄ ልጅ በስንቱ ተሳሳተ? ብዬ ቀና አልኩ።

ሰንበሌጥ ጀርባውን ሰጥቶ ይንቀጠቀጣል። የእህቴ ልጅ ከንፈሯን ነክሳለች። ዝምታ... የዝምታን ጥርስ አየሁት! ለመጀመሪያ ጊዜ! እየመታ፣ በአንደኛው እንጨት ጆሮውን ጠቆመ። ግራውን። ከዚያ አፉን ከፍቶ፣ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በላይ፦

«አይሰሙም እንዴ ጋሼ?»

የኔን ብቻ አገላብጦልኛል! ወረቀቱን ገነጠልኩት። የቀረውን በጆሮዬ ሠራሁ። ሦስተኛው ላይ ማይኩን ስትጠጋ ሁሉንም ዝቅ አደረግኩ፤ ዝምታ እንጨቶቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቀኙን ወደ ስፒከሩ አዘነበለ። ኮትን እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። ገመድ የምፈልግ አልመሰልኩም።

ለእትዬ እኔው ደወልኩ።

«ጨረሱ።»

«አምስቱንም?»

«አምስቱንም።»

«አንተስ? ቀልድህን ቀነስክ?»

«ቀነሱልኝ።»

«አጎቴ፣ ዕቃውን እንጫን!» የሚል ድምፅ መጣ። ሮጥኩ።

ጥቅምት 23

የገነጠልኩት ወረቀት ኮት ኪሴ ውስጥ ተገኘ። በመነጽር ሳየው ለካ ከአምስተኛው በታች አንድ መስመር አለ።

6. ጋሼ ሚኒባሱን ያጥባሉ።

ታጠበ። የግራው መስኮት ሁለት ጊዜ።